ለመገናኘት እምቢ ያሉት ጀግኖች

ዲቦራ በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መንፈስ አልጠራችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፣ ጠርታለች ብለው የሚምሉ ሰዎች ሚዛንና አማን ውስጥ ዛሬም ስላሉ ነው። የጠራችው ሦስት የክፍል ጓደኞቿን ነው፤ እነሱም በስንት ልመና ነው የመጡት።

የነገሩ መነሻ መጽሐፍ ነበር። እናቷ ወይዘሮ በየነች አማን ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። አንድ ቀን በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ፈረንጅ መቶ ሠላሳ ገጽ የጨዋታ መመሪያ ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። ማሽኑ ላይ የነበረችው ዲቦራ አንዱን ለፈረንጁ፣ አንዱን ለራሷ አወጣች። ወይዘሮ በየነች ቀለሙ በአንድ ቀን ያለቀው ማሽኑ ስለተበላሸ ይመስላቸዋል።

ጨዋታው ቀላል ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዛ ሁለት ሳምንት ስታነበው ቢያንስ ቀላል መስሏት ነበር። አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ተማሪ ይፈጥሩና እሱን ሆነው ይጫወታሉ። ተማሪዎቹ ተሰባስበው የሰው አእምሮ የማይደርስበት አንድ ምስጢር ይፈታሉ። የሞከሩት ነገር ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ዳይስ ነው፣ አንድ ከወጣ አይሳካም፤ ዳይሱን ከቤታቸው ሉዶ ላይ ወሰደች።

ምስጢሩን ቴፒ አጠገብ አደረገችው፤ አንድ የተዘጋ ቡና ማጠቢያ። ውሃው ሽቅብ ይፈስሳል፤ ከገንዳው ውስጥ የሆነ ድምፅ የሰው ስም ይጠራል። በራሷ ፈጠራ ራሷ ፈርታ ሁለት ቀን ውሃ ቅጂ ስትባል ራሴን አመመኝ ብላለች።

ያላሰበችው ነገር ቢኖር ተጫዋቾቹን ነው።

ሕዝቅያስ የወንጌላዊ ይስሐቅ ልጅ ነው። ከአማን ሚዛን እስኪደርስ ከባጃጅ ሾፌር ጋር ዘመድ ሆኖ የሚወርድ ለፍላፊ። የፈጠረው ልጅ ግን ሰው የማይቀርብ፣ ያለፈው ሕይወቱ ያቆሰለው ብቸኛ ሆነ። "ምን አቆሰለው?" ብትለው፣ "አይናገርም" አላት።

ጽጌሬዳ የአማርኛ መምህሩ የጋሽ ወልደጻድቅ ልጅ ናት። እሷ የፈጠረቻት ልጅ ሙታንን ታናግራለች፤ በሕይወት ያለን ሰው ግን ቀና ብላ አታይም።

ከሸዋ ቤንች መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው አልአዛር ደግሞ፣ "የኔ ሰው የሚኖረው ማሻ ነው" አለ።

"ታሪኩ ያለው እኮ ቴፒ ነው" አለችው ዲቦራ።

"ምን ላድርግ? እዚያ ነው የተወለደው።"

"አንተ አይደለህ እንዴ የፈጠርከው!"

"ቢሆንም።"

በፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓዳ የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ብቸኛው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ዋለ፣ ሙታን አናጋሪዋ መቃብር ቦታ ዋለች፣ የማሻው ልጅ ማሻ ዋለ። በሁለተኛው ቅዳሜ ዲቦራ ሦስቱንም በግድ አንድ አውቶቡስ ላይ አሳፈረቻቸውና አውቶቡሱን ጫካ መሀል አስበላሸችው። ሦስቱም ወርደው በሦስት አቅጣጫ በእግራቸው ሄዱ። በሦስተኛው ቅዳሜ ከሞተ ሰው ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ተላከላቸው። ሕዝቅያስ ሳያነብ ቀደደው፤ ጽጌሬዳ "ስሜን ተሳስቶ ነው የጻፈው" ብላ መለሰችው፤ የአልአዛር ደብዳቤ ማሻ አልደረሰም፣ ፖስታ ቤቱ ዝግ ነው ተባለ። ዝግ ነው ያለው ራሱ አልአዛር ነው። ዲቦራ የዚያን ቀን መመሪያውን ጠቅልላ አስቀመጠችና ሥራቸው ያውጣቸው አለች። ከፍታላቸው ያልገቡበት የበር ብዛት ሲታሰብ ለቅሶዋን መዋጧ ትልቅ ነገር ነው።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ወልደጻድቅ የልጃቸውን ደብተር ሲያገላብጡ አንድ ወረቀት አገኙ። "ስም፦ ጽልመት። ዕድሜ፦ 15። ችሎታ፦ ሙታንን መጥራት፣ ብስክሌት መንዳት።" ጋሽ ወልደጻድቅ ብስክሌቱን ዘለሉት።

ረቡዕ ዕለት አራት ልጆች ሻማ አብርተው ሙታን ሲጠሩ ተገኙ ተባለ። ሐሙስ ልጆቹ ሰባት ሆኑ። ዓርብ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ተሰማ ተባለ፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነው፣ ማሽኑ አርጅቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ወልደጻድቅና ወንጌላዊ ይስሐቅ ልጆቻቸውን አስከትለው ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ሁለቱ ሰዎች የአንተ ቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ ጩኸት በዛ፣ ያንተ ነው የበዛው እየተባባሉ ስድስት ዓመት የኖሩ ናቸው። ጎን ለጎን ሲቆሙ ያየ ሁሉ መቼም ነገሩ ከባድ ነው ብሎ አመነ። አልአዛር ማንም ሳይጠራው መጥቶ ከዲቦራ አጠገብ ቆመ።

"ወይዘሮ በየነች፣ ቤትዎ ውስጥ የሚደረገውን ያውቃሉ?" አሉ ወንጌላዊው።

"አላውቅም" አሉ ወይዘሮ በየነች። "ሳላይ ደግሞ አልፈርድም። ተቀመጡና ልጆቹ ያጫውቱን።"

"እኛ? ጨዋታ?" አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ።

"ሳያዩ ነው እንዴ የሚመሰክሩት?"

ሁለቱም ለምርመራ ያህል ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዲቦራ እያንዳንዳቸው አንድ ተማሪ እንዲፈጥሩ ነገረቻቸውና ስለ ቡና ማጠቢያው ተረከች።

"የእኔ ልጅ ስሙ ታዛዥ ነው" አሉ ወንጌላዊው። "ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቤቱ ይገባል።"

"የእኔ ተማሪ" አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ፣ "በመጀመሪያ ለርእሰ መምህሩ ማመልከቻ ይጽፋል።" ዳይሱን ጣሉ፤ አንድ ወጣ። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ጋሽ ወልደጻድቅ ይግባኝ መጻፍ ጀመሩ።

"እማዬ፣ አንቺስ?"

"ሎሚ ትባላለች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰው አትፈራም። ቡና ማጠቢያው ውስጥ ትገባለች።"

"ብቻዋን?"

"ታዲያ እነዚህን ትጠብቅ? አንዱ ቤቱ ገብቷል፣ አንዱ ይግባኝ ላይ ነው፣ አንዱ ማሻ ነው!"

ዳይሱን ወረወሩት። አንድ። ዲቦራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ከገንዳው ውስጥ የሆነ ድምፅ 'ሎሚ' ብሎ ይጠራል" አለች። "ሎሚ ጎንበስ ብላ ታያለች። ከዚያ በኋላ የለችም።"

"እንዴት የለችም?" አሉ ወይዘሮ በየነች ፊታቸው ተለዋውጦ። "አሁን እኮ ነው የተወለደችው!"

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"እኔ እገባለሁ" አለ ሕዝቅያስ።

"ሰው አይቀርብም አላልክም?"

"አይቀርብም አልኩ እንጂ ሰው ሲጠፋ ቆሞ ያያል አልኩ?"

"ሞታ ከሆነ እኔ አናግራታለሁ" አለች ጽጌሬዳ። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ካልሞተችም... ያው አናግራታለሁ።"

"ከማሻ ቴፒ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?" አለ አልአዛር። "ተውት፣ ተሳፍሬያለሁ።"

ወንጌላዊው ልጃቸውን አየት አደረጉና ሳል አሉ። "ታዛዥ አባቱን ያስፈቅዳል" አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ "አባቱ ፈቅዷል" ብለው ጨመሩ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ይግባኙን አጠፉ። "ያለ ፈቃድ ገብቷል በሉ። ይህ ግን ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።"

ዲቦራ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተመኘችው ሆነ፤ ሁሉም ማጠቢያው በር ላይ ተሰብስበው ቆሙ። ቆመውም እሷን አዩ። የዚያን ጊዜ ከበሩ ወዲያ ስላለው ነገር አንዲት መስመር እንኳ እንዳልጻፈች ትዝ አላት። ይደርሳሉ ብሎ ማን ጠበቀ?

"በሩ..." አለች፣ ለማሰቢያ ጊዜ እንድታገኝ፤ "ተቆልፏል።"

"ተቆልፎ ከሆነ" አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ "ሎሚ በየት ገባች?"

ዲቦራ መመሪያውን አገላበጠች። "እሱ ነው እንግዲህ ምስጢሩ" አለች።

ሁሉም በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንጌላዊው ብዕር ተበድረው ጻፉት። ምርመራው ባለማለቁም ለሚመጣው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተቀጠረ።