ሠሪው የማይታወቅ ገንቦ

እንግዳ ወደዚያች ትንሽ ከተማ ሲመጣ የጉብኝቱ መንገድ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የድንጋዩ ድልድይ፣ ቀጥሎ ሥራ ያቆመው የውሃ ወፍጮ፣ ከዚያ የሰዓቱ ማማ፣ በመጨረሻ በድሮው ፍርድ ቤት ውስጥ ያለው ሙዚየም። ይህን ሁሉ የሚያስጎበኙት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከወገባቸው የቁልፍ ዘለላ ስለማይጠፋ ከተማው «ጋሽ ቁልፉ» ይላቸዋል። እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም የሚያስታውስ ያለም አይመስለኝ።

የሙዚየሙ ጌጥ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ አንድ ገንቦ ነው። ከሥሩ ያለው ካርድ «ዕድሜው አራት መቶ ዓመት፤ ሠሪው አይታወቅም» ይላል። ውሸት ነው! አራት መቶ ዓመት የሞላው ገንቦማ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ጋሽ ቁልፉ አቧራውን ሲጠርጉለት ከእጃቸው አምልጦ እንክትክቱ ወጥቷል። ገሉን በካርቶን ለቃቅመው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው ሸክላ ሠሪ ነበረች።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?» አለች።

ካርቶኑን ከፈቱላት። ገሉን አገላብጣ አየችና «እንኳንም እኔን አገባህ! ሌላ ሴት ብታገባ ኖሮ ዛሬ የምታድረው እስር ቤት ነበር» አለቻቸው።

ያን ሰሞን ሙዚየሙ ጣሪያው እየታደሰ ስለነበር ተዘግቷል። እስኪከፈት ድረስ ቁርጥ የድሮውን የመሰለ ገንቦ ሠርታ አደረሰችላቸው። ብቻ አንገቱ ውስጥ፣ ከውጭ በማይታይበት በኩል፣ የአውራ ጣቷ ምልክት ቀረ። በእሳት ከመተኮሱ በፊት «ላጥፋው?» ብትላቸው፣ እሳቸው ጭንቅ ላይ ነበሩና «ተይው፣ ማን ሊያየው!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ቀን ነጠላዋን ተከናንባ ከጎብኚ ጋር ትገባለች። ካርዱን ታነባለች። «‹አይታወቅም› ይለኛል፣ ውለታ ቢስ!» በባሏ ጆሮ ሹክ ብላ እየሳቀች ትወጣለች።

ባለፈው ዓመት ሞተች።

የሸክላን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ይሠራል፣ ይሸጣል፣ ይሰበራል። ጋሽ ቁልፉ የእጇን ሥራ ፍለጋ ቤቱን ቢበረብሩ፣ ጎረቤት ቢጠይቁ፣ አንድም አልተረፈም። የተረፈው ያ መስታወት ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ። ልጅም አልወለዱ። ታዲያ በየጠዋቱ፣ በሩ ለሰው ሳይከፈት፣ ሣጥኑን ይከፍቱና አውራ ጣታቸውን እዚያች ምልክት ላይ ያሳርፋሉ። ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ጡረታቸው አንድ ወር ሲቀረው የሙዚየሙ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፣ ከትልቁ ሙዚየም የተላከ ባለሙያ ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ገንቧችን ትልቁ ሙዚየም ሊገባ ነው። ዛሬውኑ ይወስዱታል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«አይመለስም» አለ ባለሙያው፣ ጓንቱን እያጠለቀ።

ጋሽ ቁልፉ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። አንዲት ወር የሆዳቸውን በሆዳቸው ቢይዙ በክብር ይሸኛሉ፤ ከተናገሩ ግን ሠላሳ ዓመት ያከበራቸው ከተማ አታላይ ብሎ ይጠራቸዋል። ይህን ሁሉ አሰቡት። ባለሙያው ገንቦውን አቅፎ ሲያነሳው ግን አንጀታቸው አልቻለም።

«አስቀምጠው ልጄ! እሱ አይደለም። ዋናውን ሰብሬዋለሁ። ይኼ የባለቤቴ ሥራ ነው።»

ኃላፊዋ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ያኔ መልሰው ከደበቁበት፣ ከሙዚየሙ ደረጃ ሥር ካለው ቁም ሣጥን፣ የገሉን ካርቶን አምጥተው ፊቷ ሲያስቀምጡት ሳቋ ጠፋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኼኛው ስንት ዓመት አደረ!

ባለሙያው ገሉን አንድ በአንድ ካየ በኋላ «አንድም አልጎደለ፤ ይጠገናል» አለ። ኃላፊዋ ግን ወደ ጋሽ ቁልፉ ዞረች።

«ጋሼ፣ ተማሪ ሆኜ ይህን ገንቦ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። እዚህ ሥራ የገባሁት በዚያ ቀን ምክንያት ነው። እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል?»

«አጥፍቻለሁ ልጄ። ምን እላለሁ?»

«በቃ፣ ቁልፉን ያስረክቡ።»

ዘለላውን ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ደግሞ ምን ቀረ?» አለች።

«ገንቦው። ከዋናው ወዲያ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል? ለእኔ ግን እሷ የቀረችልኝ እዚያ ብቻ ነው። እጅሽን አንገቱ ውስጥ አስገቢና እይው።»

አስገባች። ጣቷ የሟቿን አውራ ጣት ምልክት ሲያገኝ እጇን ቶሎ አላወጣችው። ከዚያ ካርዱን አነሳችና «አይታወቅም» የሚለውን ሰረዘችው።

«ስሟን ማን ልበል?»

ጋሽ ቁልፉ ከቀብሯ ወዲህ ስሟን ጮክ ብለው ጠርተው አያውቁም። ሁለቴ ሞክረው ድምፃቸው ተቆረጠ። በሦስተኛው ነገሯት፤ ጻፈችውና ካርዱን ውስጡ ከታ ገንቦውን አስታቀፈቻቸው።

ገንቦውን አቅፈው ድልድዩን ሲሻገሩ ባለ ሱቁ ከደጁ ሆኖ «ጋሽ ቁልፉ፣ ሙዚየሙን ዘረፉት እንዴ?» አላቸው።

«ዞር በል ከመንገዴ» አሉት፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። «ይኼኛው ከተሰበረ የሚሠራልኝ የለም።»