ሸንበቆ ደህና ናት

የልጅ ልጄን ቀጥ ብላ ስለምትሄድ «ሸንበቆ» እንላት ነበር። በኋላ አከርካሪዋ ተጣመመና ሐኪሞቹ ከፍተው፣ በብረት ደግፈው አቀኑት። ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ፣ «እምዬ፣ አሁን ማግኔት ይስበኛል?» አለችኝ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ።

በማግስቱ ሲስተሯ መጣች። ቀልጣፋ ወጣት ናት፣ ክፍሉ ሙሉ ልጅ ይጠብቃታል።

«እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።»

ጻፈችና ሄደች። ከሰዓትም እንዲሁ፤ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው «እንዴት ነሽ» ካለ መልሱ አንድ ነው። ቤት እየነደደም ቢሆን መጀመሪያ «ደህና» ይባላል፤ እሳቱ ቀጥሎ ይነገራል። ሲስተሯ ግን እሳቱን ሳትሰማ ትሄዳለች። ለደህና ሰው ደግሞ ማን ማስታገሻ ይጨምራል? የሸንበቆ እናት፣ «ጎበዝ ልጅ! አላስቸገረችም» እያለች ግንባሯን ትስማለች። እኔ ግን አንሶላውን ጨምድዳ ስትይዝ አይቻለሁ። ትንፋሿ እንደ ጫጩት አጥሯል፤ ሳል ሲመጣባትም ሕመሙን ፈርታ ታፍነዋለች።

ሲስተሯ ልታገላብጣት ገና ትከሻዋን ስትነካት ሸንበቆ ጮኸች። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ዞሩ።

«ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አልሽኝ?»

«እንዴት ነሽ ነዋ ያሉኝ! አመመሽ ወይ መች አሉኝ?»

ሲስተሯ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «እማማ፣ ህመም ማስታገሻውን አንዴ ከቀደመ መልሶ መያዝ ይከብዳል» አለችኝ። ተነሥታ ወደ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ሄደች። የተመለሰችው የትኩሳት ሽሮፕ ይዛ ነው። ጠንካራው ማስታገሻ አልቋል፤ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። እናቷ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሮጠች። መልሱ «የለም» ነው።

ሽሮፑ ውሃ በወንፊት ሆነ። ሸንበቆ አሁን ተምራለች፤ «አመመኝ! እማዬ፣ ብረቱን አውጡልኝ!» ትላለች። ሰሚ አላጣችም፣ ሰጪ አጣች። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትንሰቀሰቅ፣ ልጅቷ አየቻት። የአንሶላውን ጫፍ ነከሰች።

በነጋታው ዶክተሩ መጣ። ሲስተሯ የሆነውን ነግራዋለችና አጠያየቁን አሳምሮ፣ «ሸንበቆ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አላት።

እናቷን አየች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ደህና ነኝ» አለች።

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቆመች። አልጻፈችም።