ያልፈረመች እጅ

እኔና እትዬ የምንሠራው በሆስፒታሉ ምድር ቤት ነበር። ከቀዶ ጥገና ክፍል የሚወርዱትን መቀሶች፣ መቆንጠጫዎችና ቢላዎች እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልለን ማምከኛው ውስጥ እንከታለን። ማምከኛው የሰው ቁመት የሚያህል የብረት ማሽን ነው፤ በጋለ እንፋሎት ጀርሙን ይገድላል። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ያሉት ፕላስተር እንለጥፋለን፣ አንድ ቁራጭም ወደ ውስጥ እንጨምራለን። ሙቀቱ ከበቃ መስመሮቹ ይጠቁራሉ። ካልጠቆሩ ጥቅሉ ንጹሕ አይደለም። ሲጠቁሩ መዝገቡ ላይ ፈርመን ወደ ላይ እንልካለን፤ ሐኪሞቹ ፊርማችንን አምነው ሰው ይከፍታሉ።

እትዬ ሃምሳን ልትደፍን ትንሽ ነው የቀራት። ከቅጥነቷ የተነሳ ጥበቃዎቹ “ክሯ” ይሏታል። ድምጿም እንደ ሰውነቷ የቀጠነ ነው። አለቃ ሲቆጣት አንገቷን ደፍታ “እሺ” ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አላውቅም። ባሏ ወገቡን ታሞ ቤት ከዋለ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ቤቱ የሚቆመው በእሷ ደሞዝ ነው።

ጠዋት ጠዋት ጓንቷን ሳታጠልቅ የዕለቱን የቀዶ ጥገና ዝርዝር ይዛ በማሽኑና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ትገባለች። እዚያ የምትገባው እሷ ብቻ ነች፤ እኔ ብሞክር መውጫ ይጠፋኛል። ዝርዝሩ ላይ ስም የለም፤ የአልጋ ቁጥርና የሕመሙ ዓይነት ብቻ ነው ያለው። እሷም በቁጥር ትጸልይላቸዋለች። “ጌታዬ ኢየሱስ፣ አሥራ አራት ቁጥርን አስባት፣ እብጠቱ ክፉ እንዳይሆንባት። ሃያ ሁለት ቁጥርን አስበው፣ ልቡ ደካማ ነው።” ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሳቄን መቆጣጠር እያቃተኝ፣ እግዚአብሔር የአልጋ ቁጥር ያውቃል ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። አልተቀየመችም። ስማቸውን እሱ ያውቃል፣ ቁጥሩ ለእኔ ነው አለችኝ።

አንድ ማክሰኞ ማሽኑ አቃተው። ጥቅሎቹ ሲወጡ ሞቅ ብለዋል፣ ፕላስተሩ ግን እንደፈዘዘ ነው። ደግመን አስገባን፣ ያው ነው። የጥገና ሠራተኛው መጥቶ በሩን ከፍቶ ዘጋና የሚያሞቀው ክፍል ተቃጥሏል፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ከሳምንት በላይ ቢፈጅም አይገርመኝም አለ። እትዬ ወዲያው ወደ ነርሶቹ ኃላፊ ወደ ማትሮኗ ሄዳ መሣሪያዎቹ በመኪና ጎረቤት ክሊኒክ ተወስደው እዚያ ይምከኑ ብላ አሳሰበች። ማትሮኗ ለሥራ አስኪያጁ ነገረች። እሱ ግን በዚያው ሳምንት ከበላይ አካል እንግዶች ሊጎበኙት ነበርና ገመናችንን ጎረቤት ወስዳችሁ አታስጡ ብሎ መለሳት። የቀዶ ጥገናው ቁጥር እንዲቀንስም፣ ማሽኑ መሞቱ እንዲታወቅም አልፈለገም።

ረቡዕ ጠዋት እሱ ራሱ ምድር ቤት ወረደ። በዚያ ሆስፒታል በሠራሁባቸው ሦስት ዓመታት ደረጃውን ሲወርድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጠዋት ደግመን የሞከርናቸው ጥቅሎች፣ ፕላስተራቸው እንደፈዘዘ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፣ ጋሪው ተዘጋጅቷል፣ መዝገቡ ተከፍቷል። ሞቀዋል አይደል ብሎ እጁን አንዱ ጥቅል ላይ አሳረፈ። ሞቀዋል አልኩት እኔ፣ ቶሎ ብዬ። እንግዲያው ምን ትጠብቃላችሁ፣ ፈርማችሁ ላኩ አለን።

እትዬ አንገቷን እንደደፋች ነበረች። “እሺ” ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቀና አለች።

“አልመከኑም” አለች። “አልፈርምም።”

ሥራ አስኪያጁ የሰማውን ያመነ አልመሰለም። አንቺ ሐኪም ነሽ ወይስ አጣቢ ብሎ ጠየቃት። አጣቢ ነኝ አለች። እንግዲያው የታዘዝሽውን አድርጊ፣ ካልሆነ ደሞዝሽን ጠብቆ የሚበላ በሽተኛ ባል እንዳለሽ አውቃለሁ አላት። ይህን ሲላት ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሸሸ። ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

“ዛሬ ሰባት ሰዎች አሉ” አለችው። “አሥራ አራት ቁጥር የሦስት ልጆች እናት ነች፣ ትናንት ኮሪደር ላይ አይቻታለሁ። ዘጠኝ ቁጥር ገና ልጅ ነው፣ ትርፍ አንጀቱ ነው። ለሰባቱም ጠዋት ጸልዬላቸዋለሁ። ጌታ ፊት ቆሜ ጠብቃቸው ያልኩላቸውን ሰዎች በዚህ ስክሪብቶ አሳልፌ አልሰጥም። ከፈለጉ ያባርሩኝ።”

ሥራ አስኪያጁ ወደኔ ዞረ። አንቺስ አለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ዛሬም አፌ ይመርረኛል። እናቴና ታናሽ እህቴ በዓይኔ መጡ፣ የቤት ኪራዩም መጣ። ስክሪብቶውን ተቀበልኩና ፈረምኩ። ሰባት ጊዜ። እትዬ ወደኔ አላየችም። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ወጣች።

ወደ ቤቷ የሄደች መስሎን ነበር። ለካ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወጥታ ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ ቆማለች። ጋሪው በአሳንሰር ደርሶ ሊገባ ሲል ፊቱ ተገተረች። ነርሶቹ ለመኗት፣ አልተነቃነቀችም። በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ወጣ። ቁጡ ሰው ነው፣ ስሙ ሲጠራ ነርሶች ኮፍያቸውን የሚያስተካክሉለት። በሽተኛዬ አልጋው ላይ ተኝታለች፣ አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው በሬን የምትዘጊው ብሎ ጮኸባት። እትዬ ጩኸቱ እስኪያልቅ ታገሠችና አንዱን ጥቅል ብቻ ይክፈቱት አለችው። ከፈተው። ውስጥ ያለውን ፕላስተር አውጥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋው። መስመሮቹ አልጠቆሩም፣ ነጭ ነበር። ሌላ ከፈተ፣ እሱም እንደዚያው። ያኔ ጓንቱን አውልቆ ጋሪው ላይ ጣለና ዛሬ በዚህ ክፍል ማንም ሰው አይነካም አለ።

በማግሥቱ ለአሥራ አራት ቁጥር ቀዶ ጥገና የተደረገው ጎረቤት ክሊኒክ በመከኑ መሣሪያዎች ነው። መጀመሪያ ገመና የተባለው መንገድ ማለት ነው። እብጠቱ ክፉ አልነበረም፣ ሴትዮዋ ከሳምንት በኋላ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

እትዬ ግን አልተመሰገነችም። ሥራ ቦታዋን ለቃ ሕዝብ አሸብራለች ተብላ ጉዳይዋ እስኪታይ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተወሰደች። የይቅርታ ደብዳቤ አዘጋጅተው ፈርሚ አሏት፣ ደብዳቤውን አንብባ መለሰችላቸው። በሷ ላይ የቀረበው ዋናው ማስረጃ ምን እንደሆነ የሰማሁት ከሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነው። መዝገቡ ነበር። ማሽኑ በደንብ እንደሠራ የሚመሰክሩ ሰባት ፊርማዎች። የእኔ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ልብስ ማጠቢያ ሄድኩ። እትዬ እርጥብ አንሶላ እየዘረጋች ነበር። ከቅጥነቷ የተነሳ አንሶላው እሷን የሚዘረጋት ይመስል ነበር። ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አንሶላ አጠፍን። ከዚያ ይቅር በይኝ አልኳት፣ አለቀስኩም።

“እኔማ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ትናንት ደረጃ ስወጣ ነው ይቅር ያልኩሽ” አለች። “ከእኔ ጋር ጨርሰሻል። ከፈረምሽበት ወረቀት ጋር ግን ገና ነሽ።”

ያን ሁሉ ድፍረት ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። ሳቀች። ድፍረት የለኝም አለች። ሥራ አስኪያጁ የባሏን ነገር ሲያነሳ እጅግ ፈርታ እንደነበር ነገረችኝ። በልቧ “ጌታዬ፣ አንተም በሹማምንት ፊት ብቻህን ቆመሃል፣ እንግዲህ አጠገቤ ቁም” ብላዋለች። ፍርሃቱ አልሄደም። ደረጃውን ስትወጣም አብሯት ወጥቷል። “ግን ብቻዬን አልነበርኩም” አለች። “ሰው ብቻውን ካልሆነ ፈርቶም ይቆማል።”

አድርጊ ወይም አታድርጊ አላለችኝም። አንሶላውን አስቀምጣ እጄን ያዘችና ጸለየችልኝ፤ በስሜ እንጂ በቁጥር አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ንግግር ካደረገ በኋላ መዝገቡን ከፍቶ ፊርማዎቼን አንድ በአንድ አሳየ። የሥራ ባልደረባዋ ማሽኑ መሥራቱን አረጋግጣለች፣ ይህች ሴት ግን በሃይማኖት ስሜት ተነሳስታ ሆስፒታሉን አዋርዳለች አለ። እትዬ ምን ትላለች ተብላ ስትጠየቅ ተነሥታ ያደረግሁትን ነገም አደርገዋለሁ አለችና ተቀመጠች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እኔ የተጠራሁት ፊርማው የእኔ መሆኑን እንዳረጋግጥ ብቻ ነበር። ቆምኩ። እትዬ እንዳስተማረችኝ በልቤ አጠገቤ ቁም አልኩ። የሆነ ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። እግሬ ግን ቆመ።

“ፊርማው የእኔ ነው” አልኩ። “የጻፍኩት ግን ውሸት ነው። ፕላስተሩ ነጭ መሆኑን አይቼ ነው የፈረምኩት። ያስፈረሙኝም እሳቸው ናቸው።” በእጄ ወደ ሥራ አስኪያጁ አመለከትኩ፤ በሕይወቴ በአለቃ ላይ ጣቴን ስቀስር የመጀመሪያዬ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። ይህን ካልሽ በሐሰት በመፈረም አንቺም ትከሰሻለሽ፣ ገብቶሻል አለኝ። ገብቶኛል፣ ይጻፉት አልኩት። እስኪጻፍም አልቀመጥም ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ወደ ሰብሳቢው አየ፣ ሰብሳቢው ጻፍ አለው። ከዚያ ከኋላ ወንበር ቀዶ ሐኪሙ ተነሣና ቀኑን ጽፎ ወረቀት ላይ የለጠፈውን ነጭ ፕላስተር ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ውሳኔው እንደ ተረት አላለቀም። ሥራ አስኪያጁ አሁንም ያው ቢሮ ነው፤ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ግድግዳ ያያል። መለዋወጫው በዘጠነኛው ቀን መጣ። እትዬ ወደ ምድር ቤት ተመለሰች። ለሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልን፣ ለእኔ በሐሰት በመፈረሜ፣ ለሷ ሥራ ቦታዋን በመልቀቋ። እኔ የእኔን ፈርሜ ተቀበልኩ፣ እውነት ነበርና። እትዬ የሷን አልተቀበለችም። ከማኅደሯ እንዲወጣ አመለከተች፣ ውድቅ ተደረገ። በሚቀጥለው ወር ደግማ አመለከተች።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ታስገባለች። ባለፈው ሰኞ ይዛ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ ቀን መታችበትና፣ እትዬ፣ ይሄ እኮ አሥራ አንደኛው ነው፣ አሁንስ አይሰለችሽም አለቻት።

“እነሱን እስኪሰለቻቸው ነው” አለች እትዬ፣ በዚያች ቀጭን ድምጿ። ቅጂውን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሥራችን ወረድን።