ያልተቀደደው ላስቲክ

የእቁቡ ዳኛ ዝናው ጣሳዋን ነቀነቃት። ውስጧ የቀረችው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ናት፤ የማን ስም እንዳለባትም በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ወግ ነውና ጣሳዋን ወደ ላይ ወደ ታች አንኮሻኮሸ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ሰደደ፣ ወረቀቷን ፈታ።

"ራዚያ" አለ፣ የደነቀው ሰው መስሎ።

ሁሉም ሳቁ። ራዚያም ሳቀች። ሠላሳ ሰው በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ አንድ ሺህ ብር ሲጥል ከርሞ፣ ዕጣው ሁሉንም አዳርሶ በመጨረሻ እሷ ጋ ደረሰ። ለመጨረሻ ሰው ዋስ አይጠየቅም፤ ወስዶ የሚቀረው ዕዳ የለበትም። ዝናው ሠላሳ ሺውን በፌስታል ጠቅልሎ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

"ሠርተሽ ብዪው። በረካ ያድርግልሽ።"

"አሚን ጋሼ ዝናው።"

እቁቡ ሲጀመር ራዚያ ከጅዳ ከተመለሰች ወር አልሞላትም ነበር። አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያመጣችውን ሪያል ባንክ ወስዳ አንድ ሳታስቀር ወደ ብር መነዘረችው። ባሏ ጁማ "ጥቂቱን እንኳ አቆዪው" ቢላት፣ "አገሬ ገብቼ የሰው አገር ገንዘብ ምን ያደርግልኛል?" ነበር መልሷ። በብሩ አርዲቦ ሐይቅ ዳር መሬት ተከራዩ፣ ሽንኩርት ተከሉ፣ የውሃ ሞተሩን ለእቁቡ ተዉት። ያኔ ሞተሩ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ከሐይቁ እስከ ማሳቸው የሚደርሰው ሁለት ጥቅል ቱቦ ደግሞ አሥራ ሁለት ሺህ ነበር። ሠላሳው ልክ ለእነሱ የተሰፋ ይመስል ነበር።

ከዚያ በክረምቱ ሬዲዮው የብር ምንዛሪ ከእንግዲህ በገበያ እንደሚወሰን ተናገረ። ራዚያ ወሬውን የሰማችው የሽሮ እህል እየለቀመች ነው፤ ሪያሏን ያሰበችው በኋላ፣ ብር ወርዶ ሪያል እጥፍ ሲያወጣ ነው፤ ማልቀሷን ጁማ ብቻ ያውቃል። እቁቧን ግን አንድም ጊዜ ሳታዛንፍ ጣለች።

ከበረንዳው ስትወርድ ስህን ተከተለቻት። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው ለስህን ነው፤ በበነጋው ሞተር ገዛች፤ ራዚያና ጁማም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ውሃ የሚስቡት ያንኑ ሞተር እየተከራዩ ነበር። አሁን የራሷ ማሳ ስለጠማው ወስዳዋለች።

"ተቀየምሽኝ እንዴ?"

"ምን ብዬ? አንቺ አልሰረቅሽኝ።"

"ሰው ያማኛል ብዬ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ዕጣ ነው። እኩል ነው የጣልነው።"

"እኩል ነው" አለች ራዚያ።

እውነትም እኩል ነው። የሚያንገበግባትም እሱ ነው፤ የምትጣላው ሰው አጣች።

የእርሻ ዕቃ የሚሸጠው ሙንተሲር ልጅ ሆነው አብሯት ቁርኣን የቀራ ነው። ሱቁ ስትደርስ ወንበር ሳበላት፤ ፌስታሉን ሲያይ ግን ፊቱ ከበደው።

"ሞተሩ አርባ ስምንት ሺህ ገብቷል" አለ ሳትጠይቀው።

"ባለፈው ሳምንት አርባ አምስት አልነበር ያልከኝ?"

"ነበር። ወላሂ ራዚያ፣ ሸጬ የማገኘው ብር ያንኑ ዕቃ መልሶ አያመጣልኝም። የሸጥኩ ቀን ነው የምከስረው።"

"ሠላሳውን ያዝና ቀሪውን ሽንኩርቱ ሲነሳ ልስጥህ።"

"ሽንኩርቱ ሲነሳ ሞተር ስንት እንደሚገባ አላህ ነው የሚያውቀው። ዱቤ ትቻለሁ። እኔ ምን ላድርግ?"

ሌላ ተስፋ ነበራት። ከሁለት ወር በፊት የብድር ማመልከቻ አስገብታለች። ባንክ ቤት ተራ ጠብቃ የብድር ክፍሏ ሠራተኛ ሰላማዊት ፊት ተቀመጠች። ሰላማዊት ኮምፒውተሯን አየችና ፈገግ አለች።

"አልፏል እታለም። ማመልከቻሽ ጸድቋል።"

ራዚያ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። "አልሐምዱሊላህ። ዛሬ እወስዳለሁ?"

"ዛሬ እንኳ መልቀቅ አንችልም።"

"ካለፈ ምን ቀረው?"

"ገደብ አለብን። ባንክ ሁሉ በዓመት ከዚህ በላይ አታበድሩ ተብሏል፣ የኛ ድርሻ ደግሞ አልቋል። የኑሮ ውድነቱን ለማርገብ ነው። ገበያው ውስጥ ብር ሲበዛ ዋጋ ይንራል፤ እሱን ለመያዝ ነው።"

"በኛ ቀበሌ ብር የበዛበት ሰው ካለ አሳዪኝና እሱን ልለምን።"

ሰላማዊት ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። "አንድ ብር ነው ያለን እኮ። የአገር ሁሉ ብር ነው። ለሐይቅ ከተማ ብቻ ተብሎ ሌላ ሕግ አይወጣም።"

"አዲስ አበባ ገበያው ቢግል የአርዲቦ ሽንኩርት ይድረቅ?"

"እኔ ምን ላድርግ?" አለች ልጅቷ። በቅንነት ነው ያለችው፤ ዓይኗም ውሃ ሞላ።

ራዚያ ይህችን ቃል ዛሬ ስትሰማ ሦስተኛዋ ነው። አንዳቸውም አልዋሿትም። ቢዋሿት ይሻላት ነበር፤ ጮኻ ይወጣላት ነበር። ይህን የሚወስነው ሰው ግን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የለም፤ የት እንዳለም አታውቅም። ፌስታሏን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች።

ስልኳ ጠራ። ጁማ ነው።

"ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ከዚህ ሳምንት አያልፍም። ሞተሩን ያዝሽው?"

"እየመጣሁ ነው" አለችና ዘጋችው።

እግሯ መልሶ ሙንተሲር ሱቅ አደረሳት። በሩ ላይ አንድ ከውጫሌ የመጣ ጎልማሳ ባጃጅ ላይ ቱቦ እያስጫነ ነው፤ ጥቅል በጥቅል ላይ ደርቦ መቀመጫ አልቀረለትም።

"ይሄ ሁሉ ቱቦ፣ መሬቱ የትና የት ቢደርስ ነው?" አለች ሰውየው ሲሄድ።

"መሬት?" ሙንተሲር ሳቀ። "ከብት ነጋዴ ነው። ብሩን ቤት ከማሳድር ብሎ ነው። ቱቦ መኖ አይጠይቅ፣ አይታመም። ነገ ሲጨምር ያወጣዋል።"

"ስንት ገባ ቱቦው?"

"ዛሬ አሥራ አራት ነው አንዱ። የነገውን አልነግርሽም።"

ራዚያ ቆማ አሰበች። ሞተሩ ርቋታል። ቱቦውንም ዛሬ ካልያዘችው እሱም ይርቃታል፤ ብድሩ የተለቀቀ ዕለት ደግሞ ሞተሩ ብቻ ይቀራታል። ፌስታሉን ፈታች። "ሁለት ጥቅል" አለች። የተረፈው ለባጃጅ ሆነ።

አርዲቦ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ከማሳው ላይ ሆኖ ማዕበሉ ሳይቀር ይታያል። ጁማ ሁለት ጀሪካን ይዞ ትልሙ ዳር ቆሟል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ባጃጁ ሲመጣ እጁን አንሥቶ ነበር፤ የወረደውን ዕቃ ሲያይ አወረደው።

"ሞተሩስ?"

"አልደረስንበትም። ብድሩም አልተለቀቀም።"

"ቱቦ ያለ ሞተር ምን ያደርጋል?"

ጁማ ደግ ሰው ነው፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ጎንበስ ብሎ ጥቅሉ የታሸገበትን ላስቲክ ዳሰሰ።

"ግድ የለም። እንዘርጋውና መድረሱን እንይ። ነገ ስህንን ለአንድ ቀን ብለምናት እንቢ አትለኝም።"

ቢላዋውን ከኪሱ አወጣ። ራዚያ ሽንኩርቱን አየች፣ ሐይቁን አየች። ስህን ትሰጥ ይሆናል፣ ላትሰጥም ትችላለች፤ አንድ ቀን ውሃ ያድነውም እንደሆነ እንጃ። የአምስት ዓመት ድካሟ አሁን እነዚህ ሁለት ጥቅሎች ናቸው። እጁን ያዘችው።

"ተው። ላስቲኩን አትቅደድ።"

"ለምን?"

"ከታሸገ ነገ በአሥራ አምስት ይሸጣል። አፈር ከነካው አሮጌ ነው።"

ከአፏ ሲወጣ ድምፁ የሙንተሲር መሰላትና አፈረች። ቃሏን ግን አላጠፈችም።

"ለሽንኩርቱ የገዛሽው መስሎኝ" አለ ጁማ ቀስ ብሎ።

"ለሽንኩርቱ ነበር።"

ቢላዋውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሁለቱን ጥቅሎች ተጋግዘው ወደ ጎጆው አስገቡ፣ አልጋው ሥር ገፉ። ራዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰቻቸው። ከዚያ ወጥታ አንደኛውን ጀሪካን አነሣችና ወደ ሐይቁ ወረደች።