ሚስማር የማይሰማው እግር

«ባልሽ ሰው እየወጋ ነው አሉ» አለች ሬዲዮ፣ አፏን በአጥሩ ቀዳዳ አስገብታ።

ሬዲዮ የጫማ ሰፊው ሚስት ጎረቤት ናት። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ጠዋት ተከፍታ ስትለፈልፍ ስለምትውል ሬዲዮ ተባለች፣ እሷም ደስ ብሏት ተቀበለችው። ሚስትየው ልብስ እያሰጣች ስለነበር ዞር እንኳ አላለችም።

«ደግሞ ምን አልሽ?»

«ኧረ እኔ አላልኩም፣ ሲባል ሰምቼ ነው! ያቺ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ ሶል አስመትታ ወስዳ፣ መንገድ ላይ ሚስማሩ ብቅ ብሎ እግሯን ዘነጠላት። ከሷ በፊት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ከሱ በፊት ያ ወፍራሙ ሹፌር። በአንድ ወር ሦስት ሰው! ዓይኑ ፈዘዘ እንዴ እየተባለ ነው። እኔ በበኩሌ አላምንም ብያለሁ።»

ሬዲዮ አላምንም ያለችውን ወሬ ሰባት ቤት ካላዳረሰች እህል አይወርድላትም። ሌላ ቀን ቢሆን ሚስትየው ልክ ልኳን ትነግራት ነበር። ያን ቀን ግን እርጥቡ አንሶላ ከእጇ አምልጦ ጭቃው ላይ ተዘረጋ።

ዓይኑ እንዳልሆነ ገብቷታል።

ጫማ ሰፊው ሥራውን የሚፈትሽበት የራሱ መላ ነበረው። ሶል መትቶ ሲጨርስ የራሱን ጫማ ያወልቅና ግራ እግሩን የደንበኛው ጫማ ውስጥ ይከታል። ጠቦት ካልገባም ጣቶቹን ብቻ አስገብቶ ጫን ይላል። ሚስማር ከወጋው መልሶ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ ካልወጋው «በሰላም እርገጠው» ብሎ ያስረክባል። በእጅህ አትዳብሰውም ወይ ሲሉት፣ «እጄማ ደንድኗል፣ የሚነግረኝ እግሬ ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቷል።

እንግዲህ እግሩ መናገር ካቆመ ማን ይንገረው?

ስኳር እንዳለበት ካወቀ አራት ዓመቱ ነው። ያኔ ነርሷ ሚስትየውን ለብቻዋ ጠርታ እንደ ተማሪ አስጠንታት ነበር። «እማማ፣ ስኳር እግር ያደነዝዛል። ቢቃጠሉ አይሰማቸውም፣ ቢቆስሉ አይሰማቸውም። በየቀኑ እርስዎ ይዩላቸው፤ ውስጥ እግራቸውን፣ በጣቶቻቸው መሃል። ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ፣ በደንብ ይድረቅላቸው። ጫማቸውን ከማድረጋቸው በፊት ውስጡን ይዳብሱት። ባዶ እግራቸውን እንዳይሄዱ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን።»

ሁለት ወር ያህል አየች። ከሥራ ሲገባ እሱ ወንበር ላይ፣ እሷ መሬት ላይ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ። ከዚያ አንድ ቀን እግሩን ሰበሰበባት።

«ዕድሜ ልኬን የሰው እግር ሳይ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ የኔን እንደሚገዛ በግ ልታገላብጪው ነው? ተይኝ እስቲ፣ አንቺ ሴትዮ!»

ሳቀች። ሳቀችና ተወችው። እሱም ካልሲውን ሳያወልቅ መተኛት ለመደ። «ይበርደኛል» ይላል፤ እሷም በርዶት ነው ብላ ብርድ ልብስ ትደርብለታለች።

አሁን ግን አንሶላውን እንደወደቀ ትታ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ሱቁ ሮጠች።

ሱቅ ከተባለ ነው እንግዲህ፤ ከፀጉር አስተካካዩ ግድግዳ ጋር የተለጠፈች ቆርቆሮ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ መተንፈሻ ያጣል። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከባሏ ጋር በአንድ ቀን ነው ሥራ የጀመሩት፣ ሲሰዳደቡ ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው።

«እንኳን መጣሽ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሦስት ቀኑ ነው አንድ ሽታ አለ። ማስቲሹ ተበላሽቶ ነው ይለኛል። ማስቲሽ እንደዚህ ሲሸት አላውቅም።»

ገባች። «ጫማህን አውልቅ።»

«ምን ሆነሻል? ሥራ ይዣለሁ።»

«አውልቅ አልኩህ!»

«በናትሽ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ተንበርክካ ራሷ አወለቀችለት። ካልሲው ግን አልለቅ አለ፣ ተጣብቋል። የቆዳ መቀሱን አንስታ ቀደደችው። ትልቁ ጣት ጠቁሯል። ከሥሩ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፣ እብጠቱም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቷል። የስንቱ ሰው ሚስማር እንደገባበት ማን ይቆጥረዋል።

«ያምሃል?»

«ምንም! ምንም አያመኝም እኮ» አለ፣ እንደሚያጽናናት ሁሉ።

እሷን የቆረጣት ይኸው አለማመሙ ነበር።

ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ደግፋ ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሙ ነገር አያስረዝምም። «መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ነገ ጠዋት ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብለን እንቆርጣለን። ከቆየ ከጉልበት በላይ ይሆናል። ከዚያም ከቆየ የምንቆርጠው ነገር አይኖርም» አለና የሚፈረም ወረቀት ሰጠው። ጫማ ሰፊው ወረቀቱን አጣጥፎ ትራሱ ሥር ከተተው።

«ጋሼ ይምጣ» አለ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ሚስት እንኳ ያገባ የለም። ብቻውን መች ይመጣል፣ አክስታቸውን አስከትሎ መጣ። ሬዲዮም ሳትጠራ መጣች። አልጋውን ከበቡት። ጫማ ሰፊው በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ይፈርም፣ ጋሼ» አለች ሚስትየው። «ይፈርምና ይትረፍልኝ።»

«አንቺ ደግሞ አፍ አለሽ? እግሩ እስኪበሰብስ አብረሽው ስትተኚ የት ነበርሽ?» አለ ጋሼ።

ሚስትየው መሬት መሬት አየች። እውነቱን ነው ብላ ነው ያየችው።

አክስትየው ቀጠለች፦ «ቅጠል የሚያስር ሰው አለ። የአንዷን የእግር ቁስል በሁለት ሳምንት ነው ያደረቀላት።»

«እኔም ሰምቻለሁ!» አለች ሬዲዮ።

«በቃ፣ ወደሱ እንወስደዋለን» አለ ጋሼ። «ወንድሜን ጎዶሎ አድርጌ አላይም! አባታችን በዘጠና ዓመቱ አንድ ጥፍር ሳይጎድለው ነው የተቀበረው። የኛ ዘር ሙሉ መጥቶ ሙሉ ነው የሚሄደው። ሰውስ ምን ይለናል?»

ጫማ ሰፊው ጣሪያውን እያየ፣ «እናንተ ካላችሁ እንግዲህ…» አለ። እጁ ወረቀቱን ከትራሱ ሥር አወጣና ወደ ወንድሙ ገፋው። ሚስትየው እጁን ልትይዝ ተንጠራራች፤ ጋሼ መሃል ገብቶ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ሊቀደውም ጫፍና ጫፉን ያዘ።

ፀጉር አስተካካዩ እስከዚያ ድረስ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም፣ የሰው ፀጉር ተበትኖበታል። መጣና ወረቀቱን ከጋሼ እጅ ቀስ ብሎ ወስዶ ጓደኛው ደረት ላይ አኖረው፤ ከኪሱም እስክሪብቶ አወጣ።

«እናንተ ሙሉ ሬሳ ነው የምትፈልጉት» አለ። «ለኔ ጎዶሎ ጓደኛ ይበቃኛል።»

ጫማ ሰፊው እስክሪብቶውን ተቀበለ፤ ሚስቱ ወረቀቱን ያዘችለት፣ ፈረመ።