ውጪ፣ ላልቶ ሲነበብ

1.

ውጪ!

2.

አሁን ያያችሁትን ቃል እንዴት አነበባችሁት? «ልጆቹ ውጪ ናቸው» እንደምንለው አጥብቃችሁ? ወይስ «ተነሽ፣ ከቤቴ ውጪ!» እንደሚባለው አላልታችሁ? ፊደላችን ለሁለቱም ያለው ልብስ አንድ ነው። ማጥበቂያ የለውም፤ አንባቢ ይወቅበት ተብሎ ተትቷል።

መምህር ልሳነወርቅ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሰሌዳ ላይ «ገና» ብሎ ይጽፍና አንዱን ተማሪ በዓሉን፣ ሌላውን «ገና ነው» የሚለውን ያስነብባል። በመጥበቅና በመላላት ጉዳይ ጠጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ጉድ የሠራውም ይኸው ሆነ።

(አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር። ተንበርክኮ የውሻ ሽንት ሲጠርግ ያየሁትን ሰው አንቱ ማለት አልሆንልህ አለኝ።)

3.

እትዬ ደብሪቱ አጥር የሚጋሩት ጎረቤቱ ናቸው። እሳቸውን አንቱ እላለሁ፤ ያስፈራሉ። ውሻቸው ማገዶ ክምር ሥር ወልዳ ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ ገብተው፣ ከነጠላቸው ሥር ሞቅ ያለ ነገር አውጥተው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

«ያዝ።»

«ምንድን ነው ይሄ፣ እትዬ?»

«የሚተነፍስ ነገር። እዚህ ቤት ካንተ ሌላ የሚተነፍስ የለም። አንተም ብትሆን እያሳሰብከኝ ነው።»

ሚስቱ የሺመቤት ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ልጅ አልወለዱም። ሬዲዮ ከፍቶ ዜና ይሰማል፤ አንባቢው መጥበቅ ያለበትን ሲያላላ «አይ፣ አይ!» ይላል፤ አጠገቡ «ምን ሆንክ?» የሚለው ሰው የለም። ስለዚህ ቡችላውን አልመለሰውም። ውሻ በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም ነበር። ብቸኝነት ሰውን የማያስነካው ነገር የለም።

4.

በእኛ አገር ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው። ቤት ውስጥ ውሻ እንዳለ ከታወቀ የንስሐ አባቱ ጠበል ሊረጩ አይገቡለትም። በሌላ በኩል ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጅቡም አጥር አይገድበውም። ያችን ጭብጥ የምታክል ነገር ደጅ ጥሎ መተኛት ለጅብ ራት ማቅረብ ነው።

ሳሎን አስገባው። መጋረጃውን ዘጋ። ከእትዬ ደብሪቱ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም። መምህር ልሳነወርቅ ከውሻ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል ከሚባል መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

5.

መመሪያ፣ ለራሱ የሰጠው፦

ጋዜጣ አንጥፍ። ከማንጠፍህ በፊት የፊደል ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርም፤ ቢሸናበትም ጽሑፍ ጽሑፍ ነው። ቡችላው መሬት እያሸተተ መዞር ሲጀምር አንሥተህ ሩጥ። ጫማ አትፈልግ፤ ጊዜ የለህም። ደጅ ሲጨርስ አሞግሰው፤ ተማሪዎችህን ካሞገስከው በላይ። ጋዜጣውን ትቶ የየሺመቤት ምንጣፍ ላይ ከለቀቀው አትማታ። ቃል ተናገር።

አንድ ቃል። ሁልጊዜ ያንኑ ቃል።

ቃሉ «ውጣ!» ነበር።

6.

እትዬ ደብሪቱ ሊጠይቁ መጥተው ቡችላውን በጀርባው ገለበጡት።

«ሴት ናት እኮ!»

«ወንድ ነው ብለው አልነበር የሰጡኝ?»

«እኔ ያዝ ነው ያልኩህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ውጣ» ማለቱን ይቀጥል ነበር። ውሻ ሰዋስው አያውቅም። ልሳነወርቅ ግን ሴትን በወንድ አንቀጽ ከሚያዝ ምላሱ ቢቆረጥ ይሻለዋል። በዚያው ቀን አረመው። «ውጣ» ተሰረዘ፤ «ውጪ» ተተካ።

ይህችን እርማት ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ ለሚሆነው ሁሉ ጥፋተኛዋ እሷ ናት።

7.

ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም እንጂ ግቢው ውስጥ አለ። ሰርቪሷን የተከራየች ልጅ። ክር ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ጠዋት ትመለሳለች፣ ቀን ትተኛለች፣ ማታ ትሄዳለች። ክፍሏን ከእሱ ሳሎን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው።

ዝናሽ ትባላለች። ስሟን ያውቀዋል፤ ጠርቶት ግን አያውቅም። ለሰው ሲያወራ «ልጅቷ» ይላታል። «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ» ስትለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ንግግራቸው እዚያ ላይ ያልቃል። አንድ በዓል ዕለት ድፎ ዳቦ ቆርሳ በሳህን ሰጠችው። ሳህኑን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ባዶውን መለሰላት። የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ የሺመቤት ብትኖር ትነግረው ነበር።

የቆርቆሮው በር ማጠፊያ ዝጓል። ጠዋት ልጅቷ ስትገባ ሲጥጥጥ ይላል። ትንሽ ዘይት ጠብ ቢያደርግበት ዝም ይላል። አያደርግም። ያ ድምፅ ሰው ገባ ማለት ነው። የገባው ሰው ወደ እሱ ባይመጣም፣ ሰው ገባ። ልሳነወርቅ በሩ ሳይጮህ ሻይ አይቀዳም።

8.

ውጪ!

ቡችላዋም በሩን ወደደችው። ሲጥጥ ሲል ጆሮዋ ይቆማል፣ ጭራዋ መላ ገላዋን ይወዘውዘዋል፣ ከዚያ ደስታው ይበዛባትና እዚያው ምንጣፉ ላይ ትለቀዋለች። ሌላውን ጊዜ ሁሉ እንደ ጨዋ ልጅ በር እየቧጨረች የምታስፈቅድ ናት፤ ይህ በር ሲከፈት ግን አትችልም።

እሱም መስኮቱ ሥር ቆሞ ይጮሃል። ስም አይጠራም። ስም አላወጣላትም፤ ስም ያወጣሁላት ቀን ትሞትብኛለች ብሎ ፈርቷል።

ሲጥጥጥ።

ውጪ!

9.

ውጪ!

በማግስቱም።

10.

አንድ ቀን ከዚያ ጩኸት በኋላ የሳሎኑ በር ተንኳኳ። ቡችላዋን በእግሩ ወደ ኋላ እየገፋ በሩን በስሱ ከፈተና በትከሻው ዘጋው። ልጅቷ ናት። ነጠላዋን ጨብጣ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ካለ ይንገሩኝ። አልቀየምም።»

ቡችላዋ ተረከዙን ይዛ ትጎትታለች።

«የለም አልኩ። ሂጂ፣ ተኚ» አለና ዘጋው።

በሩን ተደግፎ ቆየ። ምስጢሩ ባለመውጣቱ ደስ አለው። እዩት እንግዲህ።

በማግስቱ፦ ሲጥጥጥ። ውጪ!

11.



12.

አሥራ አንድን ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። በዚያ ጠዋት በሩ አልጮኸም።

ሻዩ ሳይቀዳ ቀዘቀዘ። ቡችላዋ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ኋላ አገጯን መሬት ላይ አስተኛችው። ምንጣፉ ደረቅ ሆኖ ዋለ። ልሳነወርቅ ያንን ደረቅ ምንጣፍ ለማየት ስንት ደክሟል፤ ሲያየው ግን ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

ከሰዓት ወጥቶ ሰርቪሷን ገፋ አደረጋት። መጋረጃው የለም። ፍራሹ የለም። የብረት አልጋ ብቻ ቀርቷል። የውጪ በር ቁልፉ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

13.

ንግግር፣ አጥር ላይ፦

ደብሪቱ፦ ምን አድርጋህ ነው ያባረርካት?

ልሳነወርቅ፦ ማንን?

ደብሪቱ፦ ዝናሽን ነዋ! ፍራሿን ጋሪ ላይ ጭና ስታለቅስ አገኘኋት። ጥፋቴን እንኳ ሳይነግሩኝ ትላለች።

ልሳነወርቅ፦ እኔ እኮ ቃል ተናግሬያት አላውቅም።

ደብሪቱ፦ እሱንም ነግራኛለች። ግን በሩን በከፈተች ቁጥር ውጪ! ውጪ! ይሉኛል ነው የምትለው።

ልሳነወርቅ፦

ደብሪቱ፦ ልሳኑ?

ልሳነወርቅ፦

ደብሪቱ፦ ወይ ጉድ! ቡችላዋን ነው እንዴ? እኔስ በምን አውቄ፣ አይዞሽ ብዬ ሸኘኋት። በል ሂድና ንገራት!

ልሳነወርቅ፦ ምን ብዬ? «ላንቺ አይደለም፣ ለውሻ ነው» ልበላት? ሰው እንዲህ ይባላል?

ደብሪቱ፦ እንግዲህ እኔ አልናገርልህም። የወጣችው ባንተ አፍ ነው፤ ስምህ ራሱ ልሳን ነው። እሁድ አልጋዋን ልትወስድ ትመጣለች።

14.

ከግድግዳው ማዶ እንደገና እንየው። ልሳነወርቅም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየው ይህንኑ ነው።

ሌሊቱን ቆማ ክር ስትቀጥል ያደረች ልጅ። እግሯ አብጧል። የቆርቆሮውን በር ትገፋለች፤ ሲጥጥጥ። ተመስገን፣ ደረስኩ ትላለች በልቧ።

ውጪ!

ላልቶ። ለሴት። ለነጠላ። ለቅርብ። አንቀጹ እንከን የለውም።

15.

ከዚያ ወዲያ ያ ቃል ከአፉ አልወጣ አለ። ቡችላዋ ግን ቃል ትፈልጋለች። በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ሣሩ አመለከታት።

«ግቢ» አላት፣ አጥብቆ። አጥር ያለው፣ ሣር ያለው፣ የዛገ በር ያለው ግቢ።

ግራ ገባት። ደግሞ አላት። ሄደች፣ ሸናች፣ አሞገሳት። ቶሎ ገባት፤ ጎበዝ ተማሪ ናት።

ይህ ቃል ደግሞ ሲላላ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እሱም ያውቃል፤ መምህር ነው። ላልቶ ሲነበብ ውሻ የሚታዘዝበት አይደለም፤ ደጅ ለቆመች ሰው የሚባል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶዋ ሰርቪስ በር ላይ ሄዶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ጊዜ አላልቶ አለው።

የሰማው የለም። ቡችላዋ እንኳ ዞር አላለችም፤ እንዲህ ሲባል አልተማረችም። እሱም አልተማረውም። ግባ፣ ግቢ፣ ቁጭ በሉ ማለት የየሺመቤት ሥራ ነበር። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ፈገግ ይል ነበር፤ ያ በቂ ይመስለው ነበር።

16.

እሁድ በሩ ተንኳኳ። ቁልፍ የላትምና ማንኳኳት ግድ ሆነባት። ከፈተላት፤ ሲጥጥጥ። ከደፉ ወዲያ ቆማለች። ከኋላዋ የፈረስ ጋሪ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ። አልጋዬን ልወስድ ነው። አላስቸግርዎትም።»

ሌሊት ሲያጠናው ያደረው ንግግር ነበረው። ጠፋበት። አፉን ሳይከፍት ቡችላዋ በእግሮቹ መሃል ሾልካ ወጣች። ያንን በር የምታስጮኸውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። ጭራዋ ገላዋን ወዘወዘው። ደስታው በዛባት።

የልጅቷ ጫማ ላይ።

ከቤት ውጪ፣ ከአጥርም ውጪ። ጠብቆ። ሠልጥናለች።

17.

«ውይ!» አለች ዘላ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንገቷን አከከችላት። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«የኔ።»

«መቼ አመጧት? አይቻትም አላውቅ።»

«ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። ደብቄያት ነው።»

«ውሻ? ቤት ውስጥ?»

«ቤት ውስጥ።»

«ማን ትባላለች?»

«ስም የላትም።»

«ታዲያ ምን ብለው ነው የሚጠሯት?»

መልሱ አፉ ላይ ደረሰ። ዋጠው። ልጅቷ የራሰ ጫማዋን አየች። ቀና ብላ የሳሎኑን መስኮት አየች፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ ቡችላዋን። ፊቷ ላይ የመጣው ሳቅ ይሁን ለቅሶ እሱም አልለየው፣ እኔም አልለየሁት።

ባለጋሪው ፉጨቱን አቋርጦ «እህቴ፣ እንጫን ወይስ ልሂድ?» አለ።

18.

«ግቢ» አለ ልሳነወርቅ።

ድምፁ ተንቀጠቀጠና ያጥብቀው ያላላው አልታወቀም። ቡችላዋ ብድግ ብላ ወደ ሣሩ ሮጠች።

ዝናሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ለማን ነው ያሉት፣ ጋሼ?»

19.

ቃሉን ብቻውን ከጻፍኩት ሁለት ዓይነት ይነበባል። ስም ከቀደመው ግን አንድ ዓይነት ብቻ። ስሙን ያውቀዋል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጠርቶት እንደማያውቅም ነግሬያችኋለሁ።

ባለጋሪው ልጓሙን አንሥቷል። ቦታውን ትቼለታለሁ።

20.

…………………፣ ግቢ።