የሻንቆ አረር

ሻንቆ ከሞተው ከርከሮ አጠገብ ተንበርክኮ፣ እጁን እስከ ክርኑ ከአውሬው ጎን ስር ሰዶ ይዳብሳል። አረሩን ነው የሚፈልገው። የሁምቦ ሰው የከርከሮ ደም ከነካው ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ እሱ ግን ለአንዲት ቁራጭ እርሳስ ሲል አይጸየፍም። እርሳስ እንደ ልብ አይገኝማ! የተጠፈጠፈውን አረር ከወዲያኛው ጎን ከቆዳው ስር ቆርጦ ያወጣና፣ አቅልጦ እንደገና አረር አድርጎ ያፈስሰዋል። በአንድ እርሳስ ስንት ከርከሮ ገደለ እያሉ ይስቁበታል።

ዛሬ ጣቱ ያገኘው ቀዳዳ ነው። አረሩ ከወዲህ ገብቶ ከወዲያ ወጥቷል።

«አለፈ!» አለ ለራሱ። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ደስ አለው።

ወዲያው ከበቆሎው ማዶ ጩኸት ተሰማ። «ቦጋለ! ኧረ ቦጋለ ወደቀ!»

ጠመንጃውን ጣልያን ከወጣ በኋላ የመጣ አንድ ፈረንጅ አዳኝ ነበር ጥሎለት የሄደው። ከቃታው ስር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ባዶውን ቀለህ ይተፋና ሌላ ጥይት ይጎርሳል። የፋብሪካ ጥይቱ ካለቀ ቆየ፤ ሻንቆ ባዶውን ቀለህ ባሩድ እየሞላ፣ አረሩን ራሱ እያፈሰሰ ነው የኖረው። ያ አረር ለስላሳ ስለሆነ አውሬው ውስጥ ገብቶ ቂጣ ይሆናል። «ያንተ አረር ቆንጥጦ የሚመለስ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር አበልጁ ቦጋለ። ባለፈው ግንቦት ግን ቀልዱ ቀረ፤ አረሩ ትከሻው ላይ የቀረበት ከርከሮ ዞሮ የቦጋለን ወንድም የቶማን ጭን በክራንቻው ዘነጠለው።

ሻንቆ በዚያ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ከሶዶ ገበያ፣ ማተሚያ ቤት የጣለውን የእርሳስ ፊደል ገዝቶ ከራሱ እርሳስ ጋር አቀለጠው። የወጣው አረር ጥፍር የማይቧጭረው ጠንካራ ሆነ። ለማንም አልነገረም። ሥራው ራሱ ይናገር ብሎ፣ ኩራት ቢጤ ይዞት።

ከርከሮ ሲታደን ጦር የያዙት ከአውሬው ወዲያ ይቆማሉ። ሌላ አገር እብደት ነው፤ እዚህ ግን የሻንቆ አረር አልፎ እንደማይሄድ ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ጠዋትም ሻንቆ የቦጋለን ነጭ ጥምጥም ከበቆሎው ወዲያ አይቶ ነበር። ገለል በል የሚለው ቃል አፉ ላይ ደረሰ። ከርከሮው ግን ያን ጊዜ ብቅ አለ፤ ቢጮህ ያመልጣል። ተኮሰ። አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌው ጭቃ ሹም ጩማም በዚያው ቅጽበት የፋብሪካ ጥይት በሚጎርሰው ምንሽራቸው ተኮሱ።

ሻንቆ ጩኸቱ ወደተሰማበት ሮጦ ሲደርስ ቦጋለ ሞቷል። ሚስቱ አሳየሽ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረቷን ትደቃለች። ቶማ የጩማን እጅ የፊጥኝ እያሰረ ነበር።

«እጄን እሰረው ልጄ» ይላሉ ጩማ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። «ከርከሮውን ስቼ ነው። ዓይኔ ከዳኝ። ምነው ቀድሞ በሞትኩ!»

ማንም ወደ ሻንቆ አላየም። ማን ይጠረጥረዋል?

ቶማ የወንድሙን ሬሳ ገልበጥ አደረገና ጀርባው ላይ ከቆዳው ስር ያበጠውን ለሻንቆ አሳየው። «አንተ ታውቅበታለህ። አውጣውና ሶዶ ፖሊስ ጣቢያ ይዘነው እንሂድ።»

ሻንቆ ቢላዋውን ሦስት ጊዜ አጠበ። የከርከሮ ደም በነካ ስለት አበልጁን መቁረጥ! ቆዳውን ሰነጠቀ፤ አረሩ መዳፉ ላይ ወደቀ። ጫፉ እንኳ አልተጠፈጠፈም።

ቶማ ጎንበስ ብሎ አየው። «ይኸው፣ የምንሽር ነው። ያንተማ ቂጣ ሆኖ ነው የሚወጣው።»

ዝም ቢል አለቀ። ልጆቹ ትዝ አሉት። ጩማም ቢሆኑ አርጅተዋል፣ ስንት ዓመት ሊቀራቸው ነው? ይህን በማሰቡ ራሱን ተጸየፈ።

«የኔ ነው» አለ።

አሳየሽ ቀና አለች። «ተው አበልጄ። ሽማግሌውን አድናለሁ ብለህ በራስህ ላይ አትፍረድ። አንተ ለሱ ከወንድም በላይ ነበርክ።»

«የሻንቆ ነገር! ደግ ሰው» አለ ከኋላ አንዱ።

አላመኑትም። ተናግሬያለሁ እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? አለ በልቡ። ቶማ ጩማን ወደ መንገዱ መግፋት ጀመረ። ሽማግሌው ተደናቅፈው በጉልበታቸው ወደቁ፤ እጃቸው ስለታሰረ መነሳት አቃታቸው።

ሻንቆ ጠመንጃውን አነሳ። ሰው ሁሉ ደንግጦ አፈገፈገ። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ እጀታውን ገፋ፣ መለሰ። አንድ ጥይት ሣሩ ላይ ወደቀ። ደግሞ ገፋ፣ መለሰ። ጠመንጃው ባዶ እስኪሆን አላቆመም።

«ከወጣው አረር ጋር አስተያየው» አለ ቶማን። «አጠንክሬው ነው።»

ቶማ አንዱን አንስቶ ከወንድሙ ገላ ከወጣው አረር ጋር ጎን ለጎን ያዘው። የጥይቱን ጫፍ በጥፍሩ ቧጨረው፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሄዶ የጩማን እጅ ፈታ። ገመዱን እንደያዘ ወደ ሻንቆ ዞረ።

አሳየሽ ግን ቀደመችው። የባሏን ጭንቅላት ቀስ ብላ መሬት ላይ አሳርፋ ተነሳች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«አበልጄ፣ ስትተኩስ እዚያ ቆሞ አይተኸው ነበር?»

አላየሁም ቢል ማንም ሊያስተባብለው አይችልም ነበር።

«አይቼው ነበር» አላት።